ጋሼ ተፈራ የሳቀበት ባሕር

ስልኬን ጠረጴዛው ላይ በደረቱ አስተኝቼዋለሁ። በጠራ ቁጥር እንደ ተገለበጠ ጥንዚዛ እየተንዘፈዘፈ ይዞራል። ማን እንደሆነ ሳላየው አውቃለሁ። እትዬ ሮማን ናት፣ ከሆላንድ።

ጋሼ ተፈራ ዛሬ ጠዋት አረፈ። እትዬ ሮማን ታናሽ እህቱ ናት፤ ከእሷ ሌላ በዓለም ላይ ሥጋ የሚባል የለውም። እዚህ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ያለነው ሁሉ ሰምተናል። ሬይኖልድስበርግ ያለው አፓርትመንቱ ፓርኪንጉ ሞልቶ መኪና ሣር ላይ እየቆመ ነው አሉ። እሷ ግን አልሰማችም። የእድሯ ሰዎች ነገ ንጋት ላይ ተሰብስበው፣ በሯን አንኳኩተው ይነግሯታል። እስከዚያ ድረስ ማንም ስልኳን እንዳያነሳ ተብሏል። በተለይ እኔ።

"አንተ አፍህ ክዳን የለውም" አለችኝ ባለቤቴ ጽጌ፣ ወደ ለቅሶው ስትወጣ። "ካነሳህ ትቀልዳለህ። ከቀለድክ ደግሞ ያልቅልሃል።"

እኔ እዚህ ፎረስት ፓርክ ቤቴ የቀረሁት ተጣጣፊ ወንበሮቹን የሚጭነው ቫን እስኪመጣ ነው። ቫኑም አልመጣም። ጽጌ የማታውቀው አንድ ነገር አለ፤ ጋሼ ተፈራ ራሱ ከመሞቱ በፊት ከዚህ ትእዛዝ ጋር በምንም ዓይነት የማይታረቅ ሌላ ትእዛዝ ሰጥቶኛል። እሱ ጋ እደርሳለሁ። እጄ ወደ ስልኩ እንዳይሄድ ሥራ ልስጠው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ጋሼ ተፈራን ያወቅሁት መጋዘን ውስጥ ነው። መጋዘናችን ትልቅ ነው። በአንዱ በር ወንደላጤ ሆኖ የገባ፣ በሌላው በር ሲወጣ የልጅ ልጁን አዝሎ ነው። እኔ ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት እነዳለሁ፤ እሱ ተጎታች መኪና ውስጥ ካርቶን ይደረድር ነበር። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን አንቱ አልኩት። ካርቶኑን አስቀምጦ በአዘኔታ አየኝ።

"አንቱታውን ለሱፐርቫይዘሩ አድርገው" አለኝ። "እሱ አማርኛ ስለማይሰማ አይከብደውም።"

ከዚያች ቀን ጀምሮ ለኔ ጋሼም አንተም ሆነ።

አንድ አባባል ነበረችው። "ምን አላት!" በረዶ እስከ ጉልበት ሲወርድ፣ "ምን አላት!" ግዳጅ ኦቨርታይም ሲመጣብን፣ "ምን አላት!" እስከ ጣሪያው የመኪና ጎማ የታጨቀበት ተጎታች በሩ ሲከፈትና እኛ ሁላችን ወገባችንን ስንይዝ፣ እሱ ጓንቱን እያጠለቀ "ምን አላት!" ይልና ይገባበታል። የእሱ ወገብ ግን ወገባቸውን ከሚያማቸው ሁሉ የባሰ ነበር። ምን እንዳላት ከሁላችንም በላይ ያውቅ ነበር።

ሳቁን እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? መጀመሪያ ዝም ይላል። ፊቱ ይጠቁራል፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ የለም። የማያውቀው ሰው አምቡላንስ ይጠራል። ቀጥሎ ከአፍንጫው ይሁን ከጉሮሮው የማይታወቅ ቀጭን ፉጨት ይወጣል፤ ውሃ የፈላበት ማንቆርቆሪያ በሉት። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱን እየመታ ይፈነዳል። ማዶ ቤክስሊ ሰፈር ያሉ ውሾች በሙሉ ይመልሱለታል። አንድ ጊዜ አዲስ ሱፐርቫይዘር ፉጨቱን ሲሰማ የፎርክሊፍት ጋዝ የሚያፈስ መስሎት ሕንፃውን ሊያስለቅቅ ነበር። ይህ ማጋነን አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ነው።

እኔ እንግዲህ ለዚያ ፉጨት የምኖር ሰው ነበርኩ። ደሞዜን የሚከፍለኝ መጋዘኑ ነው፤ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳኝ ግን በብሬክ ሰዓት ጋሼ ተፈራን ላስፈነዳው ያዘጋጀሁት ቀልድ ነበር።

አንድ ልጅ ነበረው፣ ናሆም። አዲስ አበባ ነው ያደገው። እናቱ ወልዳው ብዙ አልቆየችም። ጋሼ ዲቪ ደርሶት ሲመጣ ልጁ ጢም አላወጣም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ ዛሬ ይሳካል ነገ ይሳካል ሲባል ልጁ ጢሙን አወጣ፣ ተላጨ፣ ደግሞ አወጣ፤ ሊያገባ ደረሰ። ሰርጉ በሐምሌ ሆነ። "በዝናብ ምን ሰርግ አለ?" ብለው የሴቷ ወገኖች አጉረመረሙ። ምን ይደረግ፣ የሙሽራው አባት ቫኬሽን የጸደቀው ያኔ ነው።

መንገዱን በሆላንድ አደረገው። እትዬ ሮማን እዚያ አንዲት የወደብ ከተማ ትኖራለች። ሌላው እድር ድንኳንና ብረት ድስት ሲገዛ የእሷ እድር በየሰመሩ አባላቱን የሚያዝናናበት የሸራ መርከብ ይከራያል። ወንድምና እህት አንድ ሳምንት በመርከብ ከርመው፣ ከዚያ ተያይዘው ወደ ሰርጉ ሊበሩ ነበር ዕቅዱ።

"አንተም ና" አለኝ።

"ጋሼ፣ እኔ ዋና አልችልም።"

"እኔስ መች እችላለሁ? ምን አላት!"

ልጄም "ዳድ፣ ዩ ካንት ኢቨን ስዊም" አለችኝ። ለመስጠም ዋና አያስፈልግም አልኳትና ሄድኩ።

ሻንጣው ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ ለናሆም የገዛው የሙሽራ ሱፍ፣ ጥቁር ሰማያዊ። የልጁን ልክ በዓይኑ ስለማያውቀው መጋዘን ያለነውን ወንዶች ሁሉ አስለብሶናል። "ቁመቱ ካንተ ይረዝማል፣ ትከሻው ከሜክሲኮው ይጠባል፣ ሆዱ እንዳንተ አይደለም፣ እግዜር ይመስገን" እያለ ከአሥር ሰው አካል አንድ ልጅ ገጣጠመ።

መርከቧ የጥንት ዕቃ ጫኝ ነበረች። ሆዷ ዝርግ ነው፤ ከግራና ከቀኟ እንደ ዝሆን ጆሮ የተንጠለጠሉ ሁለት ትልልቅ ሳንቃዎች አሏት፤ ሸራዋ እንደ በርበሬ ቀይ ነው። ካፒቴኗ እጇ ከኔ ጭን የሚወፍር ሆላንዳዊት ሴት ናት። ገና ከመግባታችን በእንግሊዝኛ እንቅጩን ነገረችን፤ እዚህ ቱሪስት የለም፣ ሁላችሁም መርከበኛ ናችሁ፣ ገመድ ሳቡ ስል ትስባላችሁ፣ ጎንበስ ስል ያላጎነበሰ ጭንቅላቱን የሸራው አግዳሚ ምሰሶ ይወስደዋል።

ሳብን። በሕይወቴ እንደዚያ ስቤ አላውቅም። የእጄ መዳፍ ተልጦ የእጣ ፈንታ መስመሬ ጠፋ። ጋሼ ተፈራ ግን ከፊት ሆኖ "ሆ!" ሲል የእድሩ እናቶች ሳይቀሩ "ሆ!" እያሉ ሸራው እስከ ሰማይ ወጣ። ካፒቴኗ አፏን ከፍታ አየችን። ከወደቡ ስንወጣ መርከቧ ወደ ኋላ መሄድ ነበረባት፤ ጋሼ ከኋላ ቆሞ ልክ ወደ ኋላ እንደሚነዳ ፎርክሊፍት "ቢፕ! ቢፕ! ቢፕ!" እያለ ጮኸ። በጀልባ የነበሩ ሆላንዶች በድንጋጤ መንገድ ለቀቁ። ያኔ ነው እትዬ ሮማንን መጀመሪያ ስትስቅ የሰማኋት። ዝምታ፣ ከዚያ ያው ፉጨት፣ ከዚያ ፍንዳታ። አንድ ማንቆርቆሪያ መስሎኝ የነበረው ለካ ሁለት ነው።

ከዚያ የውሃውን በር አለፍን። መርከቧን እንደ ሊፍት ወደ ታች የሚያወርድ የግንብ ሳጥን ነው፤ ከፊት ሲከፈት ሰፊው የሰሜን ባሕር ይጠብቃችኋል። ሰፊው ባሕር እኔን ለይቶ ያወቀኝ ይመስለኛል። የክርስትናዬን ንፍሮ ሳይቀር አስመለሰኝ። ከታች ባለችው ጠባብ ክፍላችን ውስጥ ተጋድሜ ኑዛዜዬን ስናገር ጋሼ መጣ። መኪናዬ ውስጥ መስኮት ትንሽ ብከፍት ብርድ ይመታኛል ብሎ አንገቱን የሚጠቀልል ሰው፣ ካፒቴኗ በምንም ዓይነት እንዳትነኩ ያለችውን ክብ መስኮት ለኔ ሲል ከፈተው። "አየር ሳብ፣ ምን አላት!" አየሩ ገባ። ቀጥሎ ማዕበሉ ገባ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የገባው፣ ግን መርጦ ነው የገባው፤ ክፍት ሻንጣው ላይ፣ ሱፉ ላይ።

ጋሼ አልተናደደም። ሱፉን አውጥቶ ጨመቀና፣ "ሙሽራው ሳይጠመቅ አይዳርም" አለ።

በማግስቱ ጠዋት ስንነሳ ባሕሩ የለም።

ይሄኛው ማጋነን አይደለም። በዚያ ጥልቀት በሌለው የባሕሩ ዳርቻ ውሃው በየቀኑ ይሸሽና ተመልሶ ይመጣል። ካፒቴኗ አውቃ መርከቧን አሸዋ ላይ አስቀምጣታለች። ዓይናችን እስኪደክም የባሕሩ ወለል ተዘርግቶ እርጥብ ሆኖ ያበራል። ሰው ሁሉ ጫማውን አውልቆ በመሰላል እየወረደ እንደ ልጅ ይቦርቃል።

አቶ ግርማ ክንዴን ያዙኝ። የእድሩ ዳኛ ናቸው፣ ጨዋ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው።

"ሽመልስ፣ እስቲ ትንሽ እንሂድ" አሉኝ።

ሄድን፣ ሄድን። መርከብ ላይ ሁለት ሰው ለብቻው የሚነጋገርበት ቦታ የለም፤ ባሕሩ ሸሽቶ ቦታ እስኪለቅላቸው ጠብቀው ነበር። መርከቧ የክብሪት ቀፎ ስታህል ቆሙ።

"ናሆም" አሉ።

"ሙሽራው?"

"ትናንት። የሰርግ ጥሪ ሊያድል አዳማ ሄዶ ሲመለስ። መኪና።"

ባዶ እግሬን አየሁት። አሸዋው ቀስ እያለ እየዋጠው ነበር። እኔ እንግዲህ ስደነግጥም፣ ስፈራም፣ ሞት ፊትም መጀመሪያ አፌ ላይ የሚመጣው ቀልድ ነው፤ አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልነበረም።

"ዛሬ ይቀበራል" አሉ አቶ ግርማ። "ቢነገራቸውም አይደርሱም። ቤተሰቡ ደውሎ ለምኖኛል፤ እሁድ አዲስ አበባ ሲገቡ ሰው ተሰብስቦ ይጠብቃቸዋል፣ መርዶው እዚያ ይነገራል። ለሁለቱም። እሷም አክስት ናት፣ እንደ እናት ነው በስልክ ያሳደገችው። እዚህ ውሃ ላይ ምን ይደረጋል? መርዶ የሰማ ሰው ይወድቃል። መሬት ላይ ሲወድቅ ሰው ይይዘዋል። እዚህ ቢወድቅ ባሕር ነው።"

"ስልካቸውስ?"

"ትናንት ማታ አንተ ታመህ ተኝተህ ሳለ፣ ጨው ያበላሸዋል ብዬ የሁላችንንም ሰብስቤ ካፒቴኗ ክፍል አስቆልፌዋለሁ። ሌሎቹም ያውቃሉ፤ አንድ በአንድ ነግሬያቸዋለሁ። የቀረኸው አንተ ነህ።"

"እና እኔ ምን ላድርግ?"

"ማሳቅ።"

"አቶ ግርማ..."

"ሌላው ሰው ፊቱ ላይ ይነበብበታል። አንተ ግን ፊትህ ውሸታም ነው።"

በሕይወቴ ብዙ ተሞግሻለሁ፤ እንደዚያ ግን የወጋኝ ሙገሳ የለም።

ወደ መርከቧ ስንመለስ ከሩቅ አንድ ሰው አየሁ። አግዳሚው ምሰሶ ላይ ሆኖ ሁለት እጁን ወደኛ የሚያውለበልብ፣ ደረቱ የተነፋ፣ ጥቁር ሰማያዊ የለበሰ ሰው። ራስ የለውም። ጋሼ ተፈራ ሱፉን በንጹህ ውሃ አለቅልቆ፣ በመስቀያ አድርጎ ነፋስ ላይ ሰቅሎት ነው። ነፋሱ ገብቶበት ሞልቶታል። እጅጌው ይወዛወዛል። ከሥሩ አሸዋው ላይ የቆሙት የእድሩ ሰዎች አንድ ባንድ ፊታቸውን አዙረዋል። አንዲት እናት ዛጎል የምትለቅም መስላ ተቀምጣ ነበር፤ የምትለቅመው ግን የሌለ ዛጎል ነው።

"ሽሜ!" ብሎ ጮኸ ጋሼ ከላይ። "ቶሎ ና! ሙሽራውን እየው! ገና ሳያገባ ሆዱ ወጣ እኮ!"

አቶ ግርማ በክርናቸው ነካ አደረጉኝ።

"እሰረው ጋሼ!" አልኩ። "ከአማቶቹ እየሸሸ ነው!"

ዝም አለ። ፊቱ ጠቆረ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ፉጨቱ መጣ። ከዚያ በኮፍያው ጉልበቱን እየመታ ፈነዳ፤ እትዬ ሮማንም ከመሰላሉ ላይ ተቀበለችው፤ ውሃ በሌለው ባሕር ላይ የሁለቱ ሳቅ እስከ ዳርቻው ሄዶ የሚመልሰው አጥቶ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ውሃው ተመልሶ መርከቧን አነሳት። ካፒቴኗ ወደ ጎን ጠራችኝ። ስልክ ይቆለፍ ሲሏት ጠርጥራለች፣ ሰው ሁሉ ከሱፉ ሲሸሽም አይታለች።

"ያ ልብስ ምንድነው?" አለችኝ።

ነገርኳት።

"እነግረዋለሁ" አለች። "እኔ ሰው የማያውቀው አደጋ ይዤ አልሄድም። የራሱ ልጅ ነው።"

"እንደሱ አይደለም በኛ አገር።"

"ያለነው እናንተ አገር አይደለም፤ ባሕር ላይ ነው።"

"ስለዚህ እኮ ነው" አልኳት። "መርከብሽ ላይ ሰው የሚወድቅበት ቦታ አሳዪኝና ልንገረው።" ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቀልድ ስናገር ራሴን ሰማሁት። ካፒቴኗ ዙሪያውን አየች፤ ገመድ፣ ብረት፣ ከዚያ ውሃ። ሄዳ ጋሼ ተፈራን በእጁ ይዛ አመጣችውና መሪውን ሰጠችው። አጠገቡ ቆማ፣ ያንን ወፍራም እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ፣ ለረጅም ጊዜ አቅጣጫ አሳየችው።

"ሽሜ፣ መርከብ ነዳሁ!" እያለ ጮኸ። "በሚቀጥለው ሰመር ናሆምንና ሚስቱን አመጣቸዋለሁ። አንተ ገመድ ትስባለህ፣ እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ይተኛል። ሙሽራ አይደል!"

በዚያ ሳምንት ያወራኋቸውን ቀልዶች ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ አላወራሁም። ከየት እንደመጡልኝ አላውቅም። ስለ መጋዘኑ፣ ስለ አማቴ፣ ኦሃዮ ፖሊስ ሲያስቆመኝ እጅ ስለነሳሁት፣ ወንበር ላይ ወጥቼ፣ በገመድ ተጠላልፌ፣ በሰው ነጠላ ካፒቴኗን ሆኜ። ሁለቱ ወንድምና እህት ተያይዘው በሳቅ ሲወድቁ ሌላው ሰው ቀድሞ ወደ ማዶ ያያል። አንድ ጊዜ አንድ አዛውንት ዓይናቸውን ሲጠርጉ ጋሼ አያቸውና፣ "አያችሁ፣ አባባን በሳቅ ሊገድላቸው ነው!" አለ።

ኤርፖርት ላይ፣ እኔ ወደ ኮሎምበስ እነሱ ወደ አዲስ አበባ ስንለያይ፣ አቀፈኝ። ሱፉን አጣጥፎ በክንዱ ይዞታል፤ ሻንጣ ውስጥ ዳግመኛ አላመነውም። "ሽሜ" አለኝ፣ "የዕድሜዬን ሳቅ በአንድ ሳምንት ጨረስክብኝ።"

እንዳለው ሆነ።

ሲመለስ ጠይም ፊቱ አመድ መስሎ፣ ጥቁር ለብሶ ነው የመጣው። ለቅሶ ደረስን። ሥራ በገባ ቀን በብሬክ ሰዓት አጠገቤ ተቀመጠ፣ እንደ ድሮው፣ ምሳውን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ሰጠኝ። ከዚያ ሳያየኝ ጠየቀኝ።

"ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር ጋሼ።"

"ሱፉ ሲወዛወዝ?"

"አዎ።"

ዳቦውን ብዙ አኘከው። "ደንብ ነው" አለ። "እኔም ባንተ ቦታ ብሆን እንደዚያው ነው የማደርገው። አልተቀየምኩህም።"

እውነቱን ነው፣ አልተቀየመኝም። ቢቀየመኝ ሽማግሌ እልክ ነበር፤ ይቅርታ የሚባል መንገድ ነበረው። እሱ ግን አንድ ቀን ፊቱን አላዞረብኝም፤ መኪናዬ ሲበላሽ በእሱ መኪና አመላለሰኝ፣ ልጄ ስትመረቅ ከሁሉ ቀድሞ መጣ። ሳቁ ብቻ የለም። "ምን አላት!"ም የለችም። ተጎታቹ ሲከፈት ዝም ብሎ ጓንቱን ያጠልቅና ይገባል።

እኔም አላረፍኩም። ቀልድ በጅምላ አመጣሁ። ከቆመ ፎርክሊፍት ላይ አውቄ ወደቅሁ፤ ጎኔ እውነት ተሰበረ፣ በዚያም አልሳቀም፣ ሐኪም ቤት ወሰደኝ እንጂ። ሱፐርቫይዘሩን ፊት ለፊቱ አስመሰልኩት፣ በጽሑፍ ዋርኒንግ ተሰጠኝ፣ ሰው ሁሉ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ጋሼ ተፈራ ግን ቀልዱን እስከ መጨረሻው በትሕትና ይሰማና፣ "ጥሩ ነው" ይለኛል። ጥሩ ነው! ለቀልደኛ ከዚህ የከፋ የሞት ፍርድ የለም። ዓመት ሄደ፣ ሌላ ዓመት መጣ፤ ጡረታ ወጣ። እየሄድኩ እጠይቀዋለሁ፤ አንድ ቀልድ ይዤ እገባለሁ፣ አንድ "ጥሩ ነው" ይዤ እወጣለሁ።

እትዬ ሮማን ግን ሌላ ናት። ከኀዘኑ በኋላ ከሆላንድ ደውላ፣ "ሽመልስ፣ እግዜር ይስጥህ" አለችኝ። "ያቺ ሳምንት ባትኖር፣ እኔና ወንድሜ ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሳቅነው መቼ ነው እል ነበር።" ይህን ለጋሼ ነገርኩት። "እሷ እንደዚያ ናት" አለና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ከዚያ ሕመሙ መጣ። ለእህቱ "ሆስፒታል ያስገቡኝ ለትንሽ ደም ግፊት ነው" እያለ አቆያት። ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል ልጠይቀው ስገባ ነርሷ አልጋውን በሪሞት ወደ ኋላ እያስተኛችው ነበር። ቢፕ ቢፕ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። እውነቴን ነው፣ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ። አላለም።

ነርሷ ስትወጣ እጄን ያዘኝ።

"ሽሜ፣ እኔ የሞትኩ ዕለት ለሮማን ንገራት። ያንኑ ዕለት፣ አንተ ራስህ። እንዳያቆዩዋት።"

"ጋሼ፣ አሁን ምን ሞት አመጣህ..."

"ስማኝ። ልጄ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ ስስቅ ከረምኩ። ናሆምን ሳስበው መጀመሪያ የሚመጣብኝ የሱ ፊት አይደለም፤ የራሴ ሳቅ ነው። እሱን አልፌ ነው ልጄ ጋ የምደርሰው። አንዳንድ ቀን አልደርስም።" ትንፋሹ እስኪመለስለት ጠበቀ። "እሷን እንዳታስቃት። ማልልኝ።"

"ማርያምን።"

"ጥሩ ነው" አለ።

ይኸው ስልኩ እንደገና ጠራ። ቫኑ አልመጣም፣ ጽጌ የለችም። እንግዲህ የማልኩት ለእሱ ነው፤ ለእድር አልማልኩም። ስልኩን ገለበጥኩት። አነሳሁት።

"እትዬ ሮማን።"

"ሽመልስ! ምነው ሁላችሁም ስልክ አታነሱም? ወንድሜ ጋ ብደውል ብደውል መልስ የለም። ጽጌም አታነሳም።"

ከኋላዋ ቴሌቪዥን ይሰማል። ማንኪያ ሳህን ላይ ስታስቀምጥ ሰማሁ።

"ብቻሽን ነሽ?"

"ብቻዬን ነኝ እንጂ፣ ማን አለኝ? ሽመልስ፣ ተፈራ ደህና ነው?"

ያ አቶ ግርማ ያሉት ነገር መጣብኝ፤ የሚወድቅን ሰው የሚይዝ ሰው። አንዲት ሴት፣ አንድ ሳህን፣ ባዶ ክፍል። የጋሼ እጅም እጄን እንደያዘኝ ነው፣ አልለቀቀኝም። አፌን ከፈትኩ። ያው ማርያምን ያልኩበት አፍ ነው።

"ደህና ነው" አለ አፌ። "ስልኩን ቀምተውት እኮ ነው። አልጋውን በሪሞት ወደ ኋላ ባደረጉት ቁጥር ቢፕ ቢፕ ቢፕ እያለ ሆስፒታሉን በሙሉ አስለቀቀ። ነርሶቹ ፓርኪንግ ላይ ናቸው።"

ዝም አለች።

ዝምታው ረዘመ። አወቀች አልኩ። እግዜር ያውቃል፣ በማወቋ ደስ ሊለኝ ነበር።

ከዚያ ከባሕር ማዶ ቀጭን ፉጨት መጣ። እየቀጠነ፣ እየወጣ፣ ማንቆርቆሪያው ሊገነፍል ሲል የሚያወጣው። ፎርክሊፍት ላይ ወድቄ፣ ጎኔን ሰብሬ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ስፈልገው የኖርኩት ያ ሳቅ ራሱ ጆሮዬ ውስጥ ፈነዳ።

እስክትጨርስ ጠበቅሁ። ከዚያ ሌላ ጨመርኩላት።